የአሳላፊው እጅጌ

ሰው ከእኔ ጋር ሊጠጣ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን አይደለም፤ እጅጌዬን ነው። ያያታል፤ እንዳየሁበት ሲያውቅ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ "ለጨጓራዬ አይስማማኝም" ይላል። ላሊበላ ውስጥ እኔ በቀዳሁበት ቤት ሁሉ ጨጓራ ይነሣል።

ብዙ ዓመት ይህን በሳቅ አሳልፌዋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ከእኔ አልፎ ልጄ ላይ ደረሰ። ለትዳሯ በመጡ ሽማግሌዎች ፊት፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የቀዳሁት ጠጅ ሳይነካ ቆመ፤ ጋብቻዋ በአንዲት እጅጌ ምክንያት ሊፈርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቄበት አላውቅም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ተረጋግተህ ጻፍ ብለው የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ጨጓራ አለባቸው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ከጉርምስናዬ ጀምሮ ተዋናይ ነኝ። ተዋናይ ስል ስሙ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈውን ማለቴ አይደለም። የቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም የሠፈሩ ወጣት ሁሉ ተሰልፎ ድምፁ ሲፈተን፣ እኔን የመለመሉኝ "ይኼ አጭር ነው፣ ፊት ቢቆምም ማንንም አይከልልም" ብለው ነው። እንዲህ የተጀመረ የጥበብ ሕይወት ምን ይጠበቅበታል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እጠብቅ ነበር።

ዘበኛ ሆኛለሁ። ሌባ ሆኛለሁ። በር አንኳኩቶ "ጠላት ወንዙን ተሻገረ" ብሎ የሚወጣ መልእክተኛ ሆኛለሁ፤ ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር አንድ ወር ሙሉ ልምምድ ተመላልሻለሁ። አንድ ጊዜ ሬሳ ሆኜ ከመጋረጃ መከፈት እስከ መዘጋት ተጋድሜ፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ስትመላለስ ሳልነቃነቅ አሳልፌያለሁ። የተጨበጨበው በላዬ ላይ ላለቀሰችው ሴት ነው። ለሬሳ የሚያጨበጭብ የለም፤ ግን ሬሳው ቢያስነጥስ ልቅሶዋ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አላሰበም።

ከዕለታት አንድ ቀን ለከተማው ትምህርት ቤት አንድ ወጣት አስተማሪ ተመድቦ መጣ። ተውኔት ይጽፍ ነበር። የጻፈው በጥንት ጊዜ ስለነበረ አንድ ቸር ባላባት ነው፤ ወንድሙ ርስቱን ተመኝቶ፣ የባላባቱን አሳላፊ አባብሎ፣ በግብር ላይ በጠጅ መርዝ ያስገድለዋል። ባላባቱን እንዲሠራ የተመረጠው ቁመተ መለሎ፣ ድምፁ ከአዳራሽ አልፎ ገበያ የሚሰማ፣ በቀን ለፈረንጅ አስጎብኚ የነበረ ሰው ነው። ኋላ ሆቴል ከፍቷል። አሳላፊውን ለእኔ ሰጡኝ። ቃለ ተውኔቱ አጭር ነው፤ "አቤት ጌታዬ" እና "ቀምሻለሁ ጌታዬ" ማለት ነው፣ ሌላ የለውም።

በመጀመሪያው ልምምድ ሳቅሁ። አስተማሪው ቅር አለው።

"ምን ያስቅሃል?" አለኝ።

"መምህር፣ የላስታ ባላባት ቀምሻለሁ ስላሉት ብቻ አይጠጣም" አልሁት። "የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ ጌታው እያየው ይውጣል። ካላየ አይጠጣም። ይህን ያልተመለከተ ተውኔት እዚህ ብናሳይ ሰው ይስቅብናል።"

"ታዲያ ከቀመሰማ አሳላፊውም ይሞታላ።"

"ተወው፣ እኔ አስብበታለሁ" አልሁት።

ቤቴ ገባሁና እጅጌ ቆረጥሁ። አንጓው ላይ ሰፊ፣ ወደ ክርኑ የሚጠብብ፣ በውስጡ አሮጌ ፎጣ የተሰፋበት እጅጌ። ጠጁን በመዳፌ ጠብ አደርጋለሁ፤ ወደ አፌ አነሣለሁ፤ በዚያች ቅጽበት አንጓዬን ትንሽ አዘነብላለሁ፤ ጠጁ በክንዴ ወርዶ ፎጣው ይጠጣዋል። ከባላባቱ በኩል ስታየኝ ዋጥሁት። ከተመልካቹ በኩል ስታየኝ አልዋጥሁትም። ይህን ለማድረስ ሚስቴ ፊት እየቆምሁ በውሃ ስለማመድ ከረምሁ። "ከልጅነትህ ጀምሮ ልብስህን አርጥበህ መግባት አልለቀቀህም" ትለኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ዝም ብላ አየችኝና "ይሄስ ያስፈራል" አለች። ያን ጊዜ እንደበቃሁ አወቅሁ።

ለልደት በዓል ምዕመናኑ ከየአገሩ በመጡበት ሰሞን አዳራሹ ጢም ብሎ አሳየነው። ጠጁ ማለት ሻይ ቅጠል ጠብ ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። መዳፌን ወደ አፌ ሳነሣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ አልዋጠውም!" ብላ ጮኸች። በሕይወቴ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ እንደዚያች ሴት ጩኸት ያስደሰተኝ የለም። ሠላሳ ሰው ከሚጫወትበት ተውኔት ሰው ቤቱ ይዞት የሄደው የእኔን እጅጌ ነው።

መሪ ተዋናዩ ግን ሲሞት ረጅም ጊዜ ይወስድበት ነበር። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ልጆቹን ይመርቃል፣ እንደገና ይወድቃል። ሰውም ያለቅስለታል። ሲያልቅ መድረኩ ላይ ወጥተው ትከሻውን ይስማሉ። እኔን የሚስም የለም። ይህ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሥራ ነው ብዬ ቻልሁት። እሱም ያጽናናኝ ነበር፤ "ሰው ጠላህ ማለት እኮ ጥሩ ሠራህ ማለት ነው" ይለኛል። ወዳጄ፣ የተጠላው አንተ ስላልሆንህ ቃሉ ይጣፍጥሃል።

ከዚያ በጭነት መኪና እየዞርን ማሳየት ጀመርን። የመኪናው ጀርባ መድረካችን ነው። ሙጃ ላይ ብርዱ የረጠበች እጅጌዬን ክንዴ ላይ አድርቋት ሳምንት ሙሉ ሳልሁ። ብልባላ ላይ በገበያ ቀን አሳይተን ስንጨርስ አንድ ገበሬ በግ እየጎተተ መጣ፤ ባላባቱ ፊት ቆሞ "እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎ" አለና ገመዱን አስጨበጠው። ቲያትር መሆኑን አጥቶት አይደለም። ያውቃል፤ ግን ሰው ከሞት ሲተርፍ እያዩ ዝም አይባልም። በጉ ታረደ። ባላባቱ የሰው ቤት ተጋብዞ ሥጋ ሲበላ፣ እኔ ልከተል ስል የቤቱ እመቤት በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ "አንተ እዚያው ሁን" አለችኝ። ከሹፌሩ ጋር ዳቦ በልተን አደርን። ጋሸና ላይማ፣ በማግሥቱ ምሳ ስንበላ ከአሳላፊዋ እጅ ብርጭቆ ተቀብዬ ለጎኔ ላለው ላሻግር ስል፣ ከቡድናችን ያልሆነ አንድ የመኪና ረዳት ጣልቃ ገብቶ ብርጭቆውን ወሰደና ራሱ አሻገረው። ረዳቱ ትናንት ብልባላ ቲያትሩን ሲያይ ነበር። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

መሳቄ ነው የጎዳኝ። ያኔ ብቆጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር።

ከጊዜ በኋላ ቀልዱ ቀልድነቱን ተወ። ማኅበር አለን፤ ልጆቻችንን አብረን ያስጠመቅን፣ ሙታናችንን አብረን የቀበርን ሰዎች ነን። ተራዬ ደርሶ ቤቴ ሲመጡ፣ እንደ ደንቡ በመዳፌ ቀምሼ ስቀዳ አንዱ ብርጭቆውን በእጁ ከደነና "በቃኝ" አለ። ገና ምንም አልቀዳሁለትም። ሌላው ጎኑን ጎሸም አድርጎ "እጅጌውን እያየህ" አለው፤ እኔ እንዳልሰማ ይመስለዋል። የሚስቴን ጠላ የማያመሰግን ሰው በሠፈራችን አልነበረም፤ ያን ቀን ግን እንስራው እንደሞላ ዋለ። እሷም በሚቀጥለው ተራ "አንተ ቁጭ በል፣ እኔ እቀዳለሁ" አለችኝ። ሰው ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ በቤቴ እኔ ቀድቼ አላውቅም፤ ሰውም የቤቱን ጌታ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲያይ "እንዴት ያለ ኩሩ ነው" ይል ነበር።

አስተውሉ እንግዲህ፤ እነዚህ ሰዎች ሰው እንደማልመርዝ ያውቃሉ። ሱሪያቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ። ግን እኔ በመዳፌ መቅመስ ምን ያህል ቀላል ውሸት እንደሆነ በገዛ ዓይናቸው አሳየኋቸው፤ ካዩ በኋላ አላየንም ማለት አልቻሉም። አገሩ ሁሉ የተማመነበትን አንድ ነገር እኔ ቀድጄ፣ መልሼ መስፋት አቃተኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእኔ ስም ገና በቁሜ ከእኔ በላይ ውሏል።

ኋላ አገር ሲታመስ፣ ፈረንጁም ሲቀር፣ አዳራሹም ተዘጋ፤ የተውኔት ልብሶቻችን የት እንደገቡ አላውቅም። እጅጌይቱ ግን በሰው ዓይን ውስጥ ቀረች።

ልጄ ነርስ ናት። የምትወደው ልጅ የብልባላ ነው፤ አብረው ተምረዋል። በጥቅምት የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ናቸው፤ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ፣ የልጁ አጎት የሆነ ገበሬ፣ ሦስተኛው ደግሞ የእኔው ባላባት። ሆቴሉን ከከፈተ ወዲህ ከተማው ለዕርቅም ለሽምግልናም የሚጠራው እሱን ነው፤ መድረክ ላይ ባላባት ሆኖ የሞተ ሰው በሕይወቱም ባላባት ሆኖ ቀረ። እኔን ግን አሳላፊ ብቻ ማለቱ አልበቃቸውም፤ መርዘኛም አድርገው አስቀሩኝ። ሆኖም ሳየው ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ የሚያውቀኝ ሰው አለ አልሁ።

በመጀመሪያ ቀን እንደ ደንቡ ቆመው ጠይቀው፣ ቀጠሮ ይዘው ሄዱ። በሁለተኛው ቀጠሮ መጥተው ተቀመጡ። አጎትየው "አያ፣ ቃልዎን ልንሰማ መጥተናል" አለ።

"ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ" አልሁ። "ልጃችሁም ልጄ ይሁን።"

ቄሱ ተነሥተው መረቁ። የቀረው መጠጣት ነው። ያልተጠጣበት ቃል በእኛ ዘንድ አየር ላይ ያለ ነገር ነው።

ሚስቴ የለችም። ልጅቱ በሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ጓዳ ተቀምጣለች። የሚቀዳው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ አስቤበታለሁ። የዚያን ዕለት የለበስሁት ሸሚዝ እኔው የሰፋሁት፣ እጅጌው ጠባብ፣ አንጓው ላይ በሁለት ቁልፍ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ነው፤ ጠብታ የምታልፍበት ቀዳዳ የለውም። ጋቢዬን እንኳ አውልቄ ወንበር ላይ አኑሬያለሁ። በስድሳ ዓመቴ በገዛ ቤቴ ሰው እንዲያምነኝ ልብስ መርጬ ለበስሁ። 

ጠጁ የላስታ ነጭ ማር ነው። በመዳፌ ጠብ አደረግሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰማ ዋጥሁት፤ ለሦስቱም በየብርሌያቸው ቀዳሁ። ተቀበሉ። ከዚያ ይዘው ቀሩ።

ቄሱ ብርሌውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ወደ አጎትየው አዩ። አጎትየው ወደ እጅጌዬ አየ። ውጭ የጎረቤት አህያ ስታናፋ ይሰማል።

"አያ፣ አይቀየሙንና" አለ በመጨረሻ፤ "እኛ ብልባላዎች ያን የመኪናውን ቲያትር አይተነዋል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ ሌሊቱን ስቃዥ ነው ያደርሁት። እንዲያው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ እጅጌዎን ሰብሰብ አድርገው አንዴ ቢደግሙልን።"

ዞር ብዬ ባላባቱን አየሁት። ይህ ሰው ስንት ዓመት ከእጄ ጠጥቷል፤ በከተማው አዳራሽ፣ በሙጃ ብርድ፣ በመኪና ጀርባ ላይ፣ አንድም ቀን ሳያመነታ ጠጥቷል። እጅጌዋን ያውቃታል፤ ፎጣዋ ስትቀደድ እያየኝ ቀይሬያታለሁ። አሁን ብርሌዋን አንሥቶ ቢጨልጣት ሌሎቹም ይከተሉታል። እሱ መጀመሪያ ወለሉን አየ። ከዚያ ቀና አለ፤ እኔ ዓይኑን ስጠብቅ ዓይኑ እጅጌዬ ላይ ነበረ።

ደሜ ፈላ። ገበሬውንስ ይቅር እለው ነበር።

"በቤቴ እጅጌዬን አልሰበስብም" አልሁ። "ልጄን የሰጠኋችሁ በእጅጌዬ ተፈትሼ አይደለም። ወይ ጠጡ፣ ወይ በሩ ያውላችሁ።"

"ምነው ልጄ" አሉ ቄሱ፤ "ሰው በልጁ ቀን እንዲህ ይቆጣል?" ብርሌውን ሳይቀምሱ መሬት አስቀመጡና በትራቸውን አነሡ። አጎትየውም ተነሣ። ቢወጡ እንደማይመለሱ እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ያልጠጣ ሽማግሌ ወደዚያ ቤት ሁለተኛ አይሄድም። ይህን እያወቅሁ አፌ አልተከፈተም። ተቆጥቼ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ልጁን የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው።

ልጄ ከጓዳ ወጣች። መውጣት አልነበረባትም። ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። አጠገቤ ደርሳ ጠጁን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፤ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ጠጣች፤ መዳፏን ገልብጣ አሳየቻቸው።

"አባቶቼ" አለች፤ "ቲያትር የሚሠራው አባቴ ነው። እኔ አልሠራም። ጠጡ።"

ተቀመጡ። ጠጡ። አጎትየው "ማሩ ግሩም ነው" አለ። ቄሱ እንደገና መረቁ፤ በምርቃቱ ውስጥ ስሜን ጠሩ፤ አሜን አልሁ። እኔ ባዶ እጄን ይዤ መሐል ቤት ቆሜ ነበር። በገዛ ልጄ ጋብቻ ላይ ቃለ ተውኔቴ "አሜን" ብቻ ሆነ።

ሲሄዱ ባላባቱ ወደ ኋላ ቀረት አለ። በግቢው በር ላይ ጠበቅሁት። ልሰድበው ነበር፤ ስድቡን ጨርሼ አዘጋጅቼዋለሁ።

"አትቀየመኝ" አለኝ። "ብጠጣ ኖሮ እነሱም ይጠጡ እንደነበር አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠጣህም? የአዳራሹን ውሃ ስንት ዓመት ጠጥተህልኝ የለም?"

"ከእኔ በኩል እኮ አይታይም" አለ። "ሰው ሁሉ ሲወርድ ያየዋል፤ እኔ ግን ፊት ለፊትህ ስለምቆም አንድም ቀን ሲወርድ አይቼው አላውቅም። እጅጌህ እንደረጠበ የማውቀው ከመድረክ ስንወርድ ነው። ባየሁህ ቁጥር የዋጥኸው ነው የሚመስለኝ።" እጅጌዬን ዳግም አየ። "ዛሬም የዋጥኸው መሰለኝ።"

ስድቤ ሁሉ ጠፋብኝ። በሕይወቴ ስለ ሥራዬ የተነገረኝ ትልቁ ምስጋና ይህ ነው፤ የተነገረኝም ልጄ ልትዋረድ ስትል፣ በገዛ ደጄ ላይ፣ ባልጠጣ ሰው አፍ ነው። በሩን በላዩ ዘጋሁት። ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ልጄ ብርሌዎቹን እያጠበች ነበር።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?" አልኋት።

"ምን ልበል አባዬ? ሊወጡ ነበር።"

"አባቴ ቲያትር ይሠራል፣ እኔ አልሠራም ይባላል? አባቴ ይዋሻል እንደማለት ነው።"

"እጅጌህን ብትሰበስብ ምን ነበር?"

"አላጠፋሁማ!"

"አላጠፋህም" አለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። "እኔስ ምን አጠፋሁ?"

ግን መናደዴን አልተውሁም። ሰርጉ በጥር ሆነ፤ እኔም ከጥቅምት እስከ ጥር አኩርፌ ሰፋሁ። የሙሽራዋን ሰፋሁ፣ የሚዜዎችን ሰፋሁ፤ ለመልሱ ቀን ደግሞ ሙሽራው የሚለብሰውን የአገር ልብስ ሰፋሁ፤ አንገቱና እጅጌው ጥልፍ ያለበት፣ እጅጌው ሰፋ ብሎ የሚወርድ። እጅጌውን ስሰፋ በውስጡ እጄን ሰድጄ ደጋግሜ ዳብሼዋለሁ፤ ስፌቱ እንዳይሻክረው ብዬ ነው።

መልሱን በቤታችን ደጅ ዳስ ጥለን አደረግነው። እኔ በክብር ተቀምጫለሁ፤ ባላባቱም ከሽማግሌዎች ጋር ማዶ ተቀምጧል፤ ሰላም ብሎኛል፣ አንገቴን ነቅንቄለታለሁ። ሰው እየበላ ነው፤ የሚቀዱት የሠፈሩ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ይጠጣል፤ የሚከድን የለም።

ሙሽራው ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ። ሙሽራ አይቀዳም፤ ደንቡም አይደለም፤ ግን ከአንዱ ልጅ እጅ ጠጁን ተቀብሎ ፊቴ ቆመ። ሊያከብረኝ ነው። በመዳፉ ጠብ አደረገ፤ ወደ አፉ አነሣ።

እኔ እጅጌውን አየሁ።

ሳላስበው ነው። ዓይኔ ብቻዋን ሄደች። ያችን እጅጌ የሰፋኋት እኔ ነኝ፤ በውስጧ ከክር በቀር ምንም እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በምድር ላይ የለም፤ እያወቅሁ አየኋት። ልጁም አየኝ። ማዶ ያለው ባላባትም ሳያየኝ አይቀርም፤ ወደዚያ ግን አልዞርሁም።

ልጁ አልሳቀም፣ አልተቀየመም፣ ፊቱም አልተለወጠም። ጠጁን ለልጄ አስያዛትና ያችን ጥልፍ እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰባት። ከዚያ በባዶ ክንዱ እንደገና ጠብ አድርጎ ዋጠ፤ ቀድቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"ይጠጡ አባባ" አለ።

እንዲህ ቀላል ነበር። ልጄ ከኋላው ቆማ ጠጁን እንደያዘች ታየኛለች፤ ዓይኗ ውስጥ የጥቅምቱ ጥያቄ እንዳለ ነው። ብርሌዋን ተቀብዬ ጨለጥኋት። ከዚያ ወዲህ ሰው እጅጌዬን ሲያይ አሁንም እናደዳለሁ፤ ግን እጅጌዬን ሰብስቤ እቀዳለሁ።